የሃያ ደቂቃ ማዕድ

ከረጅም ጉዞ በኋላ በሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው? ተራራው ከሌላው ተራራ ጋር ይደባለቃል፤ ከተማው ከከተማ ይመሳሰላል። ሳይታሰብ አረፍ ያሉበት የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ግን ከነሽታው፣ ከነዱካው፣ ከነጨዋታው ይቀራል። ምክንያቱ የምግቡ መጣፈጥ ብቻ አይመስለኝም። መንገደኛ ለጊዜው ቤት የለሽ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ቤተኛ የሚያደርገው የቀረበለት ማዕድ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ የሚመላለስ ሰው ከተሞችን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሆዱ ነው። ሞጆ ቁርስ ናት፤ የዛሬዋ ባቱ፣ የትናንቷ ዝዋይ፣ የዓሣ ጥብስ ናት፤ ሻሸመኔ ትኩስ ሻይ ናት። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐዋሳ የደረሰ ደግሞ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣውን ካጣጣመ ጉዞው የተፈጸመ ይመስለዋል። ከሐዋሳ ጥቂት ወረድ ብላ የምትገኘውን ቱላን ወደ ይርጋለም፣ ወደ ዲላ ወይም ወደ ሞያሌ የሚያልፈው መንገደኛ በመስኮት አይቶ ይተዋታል። ጠግቧልና ለምን ይቆማል?

እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፌያታለሁ። አንድ ቀን ግን የተሳፈርንባት ሚኒባስ ጎማዋ ተንፍሶ ቱላ ላይ ቆመች። ሾፌሩ፣ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ክሪኩን ሲያነሣ፣ አራት ሰዎች ከመንገዱ ዳር ወዳለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ገባን። አንድ ተማሪ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የቡና ነጋዴና እኔ። በሩ ላይ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አልነበረም። የደረሰ ምግብ እንዳለ ስንጠይቅ የቤቱ እመቤት «ቡርሳሜ» አሉን።

ሌላው አገር ቆጮ የሚለውን ሲዳማ ዋሳ ይለዋል። ዋሳው በቅቤ ተለውሶ ሲዘጋጅ ቡርሳሜ ይሆናል፤ የሚቀርብበት የሸክላ ገበታም ሻፌታ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ያለ ቡርሳሜ አይታሰብም፤ በዚያ በዓል ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ከአንድ ገበታ ይበላል። ተማሪው ይህን አያውቅ ኖሮ፣ «ለየብቻችን ቢቀርብልን?» አላቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ሻፌታውማ አንድ ነው፤ የበዛችሁት እናንተ ናችሁ» አሉት። ተጠጋግተን ተቀመጥን። እርጎው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሐዋሳ ጀምሮ ቃል ያልተነፈስን አራት መንገደኞች፣ የማን ልጅ እንደሆንን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀን ተጨዋወትን።

እየበላሁ ሳለ ስለ ጊዜ አሰብሁ። ሾፌሩ የሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው። እንሰቱ ግን ለመድረስ እንደ ዓይነቱና እንደ አፈሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ ይቆረጣል፤ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል፤ ተጨምቆ፣ ተከትፎ እሳት ያያል። እኛ ጉዞ የጀመርነው ጠዋት ነው፤ ከፊታችን የቀረበው ምግብ ግን መንገድ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገር ሲፈጅ እንሰት አብቃዩ ምድር በአንጻሩ የተሻለ ቆሞ የነበረው በዚህ ትዕግሥት ነው። ዝናብ ቢቀር ተክሉ ከመሬት ላይ፣ ዋሳው ከመሬት በታች ይጠብቃሉ።

የመንገድ ዳር ቤቶችን የሚያጠፋቸው የመንገድ መለወጥ ነው ይባላል። እውነት ነው። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሲቆም ተሳፋሪ የሚጠብቁት የጣቢያ ምግብ ቤቶች ደንበኛ አጡ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የታቀደው የፍጥነት መንገድም በየከተማው ቆሞ መብላትን ማስረሳቱ አይቀርም። የቱላ ሥጋት ግን ከመንገዱ አይመጣም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ስትሆን ሐዋሳ ርእሰ ከተማዋ ሆነች፤ ከተማዪቱም ወደ ቱላ መስፋቷን ቀጥላለች። ጤፍ የሚዘራ ሰው የመጪውን መኸር ቢተማመን ይበቃዋል። እንሰት የሚተክል ግን፣ «ከአምስት ዓመት በኋላም በዚህ ጓሮ እኖራለሁ» ብሎ ነው። ይህ እምነት ከጎደለ ሻፌታው ባዶ ይቀራል።

ሂሳብ ከፍለን ስንነሣ፣ ዋሳው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። እመቤቲቱ የጓሮውን በር ገፋ አድርገው አሳዩኝ። ከአዲስ የብሎኬት አጥር ሥር ሰባት ወይም ስምንት እንሰቶች ቆመዋል።

«ፊት እስከዚያ ማዶ ድረስ የኛ ነበር። አሁን የጎደለውን ከገበያ እገዛለሁ» አሉ።

ከትልልቆቹ ሥር ከክንድ የማይበልጡ ችግኞች በመስመር ተተክለዋል።

«እነዚህስ፣ እማማ?»

«የዘንድሮ ናቸው።»

«መቼ ይደርሳሉ?»

አጥሩን አዩ፤ ችግኞቹን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዕድሜ ከሰጠን ከአምስት ዓመት በኋላ ና፤ ያን ጊዜ ከጓሮዬ አበላሃለሁ» አሉኝ።

ከውጭ የሚኒባሷ ጥሩንባ ተሰማ።