አምበር የሚሸት ቀለም

የሕንድ ሙጋሎች ሥዕል ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ንጉሡ ነው፤ ከራሱ ኋላ የብርሃን ክብ፣ አንገቱ ላይ የዕንቁ መዓት። እኔን ግን የያዙኝ አንድ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሠራተኞች ናቸው።

መጽሐፉ የፋርስኛው ገጣሚ የኒዛሚ አምስት ረጃጅም ግጥሞች ነው። በ1595 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለአክባር ተገለበጠ፤ አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ከዓመታት በኋላ የአክባር ልጅ ጃሃንጊር ሠዓሊውን ደውላትን ጠርቶ የራሱንና የጸሐፊውን መልክ እንዲጨምርበት አዘዘው። ደውላትም ሣለ። ጸሐፊው አብዱል ረሂም ይጽፋል፤ ትይዩው ደውላት ራሱ ተቀምጦ ይስላል። ዘውድ የለ፣ ዝሆን የለ። ሥራቸው ላይ ናቸው፣ በቃ።

እርግጥ ያዘዘው ንጉሡ ነው፤ እሱ ባይፈልግ ኖሮ ፊታቸውን ማን ያየው ነበር? ይሄ ይከነክነኛል።

የአብዱል ረሂም ማዕረግ «አምበሪን ቀለም» ነበር፤ አምበር የሚሸት ብዕር እንደማለት። በፋርስኛ ቀለም ማለት ብዕሩ ነው። እኛ ጋ ግን ጸሐፊው የሚያጠቅሰውም ቀለም ነው፣ ሠዓሊው የሚቀባውም ቀለም ነው፣ ትምህርቱም ቀለም ነው፤ ሊቁንም «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን። ስለዚህ ሥዕሉን ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው ማዕረጉን ለሁለቱም አካፍላቸዋለሁ።

ኒዛሚ ያኔ ከሞተ አራት መቶ ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። የእሱን መልክ ሠዓሊዎች በግምት ነው የሚስሉት። ግጥሙን የገለበጠለትን ሰው ፊት ግን እናውቀዋለን።