የሣጥኑ ጠረን

በድምፅ ማጉያ ላይ ለዓይን የሚታየው የወረቀቱ መርገብገብ በመሆኑ፣ ሥራው ሁሉ የእርሱ ብቻ ይመስለናል። ይሁንና ከበስተኋላው በሣጥን ውስጥ የታፈነው አየርም ሠራተኛ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ የታሸገ አየር እንደ ሞላ የሚጠቀም ማጉያ ሠርቶ፣ ትንሽ ሣጥን ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳየ። እንዲህ ባለው ሣጥን ላይ አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ ከተገኘ ሞላው ይላላል፤ የበገናው ወፍራም አውታርም ግርማውን ያጣል። አናጢዎች መጋጠሚያውን በሲሊኮን የሚደፍኑት ለዚህ ነው።

ለባህል ቡድናችን ሁለት ሣጥኖች ከኮምፔንሳቶ ባሠራንበት ጊዜ ትርኢቱ ሊቀርብ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ማጉያዎቹ የተገዙት አባላቱ ሁለት ዓመት ባጠራቀሙት መዋጮ ነው። በገና ደርዳሪው ወጣት መጋጠሚያውን ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ ደርቋል እኮ! ዛሬውኑ እንግጠመው» አለ።

«ጣትህን ተወውና አፍንጫህን አስገባ፣ ልጄ» አሉት አናጢው።

ወጣቱ አንገቱን አስግጎ ወዲያው መለሰ። ኮምጣጤ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ሲሊኮን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ሲደርቅ የኮምጣጤን አሲድ ይተፋል። ገጹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቆዳ ያወጣል፤ መድረቁ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ በአንድ ቀን የሚጠነክረው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በማዕዘኖቹ ላይ በልግስና የተለጠፈው ቀናት ይፈልጋል። ማጉያው ቀድሞ ከተገጠመ ትነቱ መውጫ፣ እርጥበቱም መግቢያ ያጣሉ፤ መድረቁ ራሱ ይጓተታል። ታፍኖ የቀረው አሲድም የመዳቡን ሽቦና የብረቱን ክፍል ይበላል። ጉዳቱ በዚያው ምሽት አይሰማም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። አሲድ የማይተፋ ሲሊኮንም አለ፤ እርሱም ቢሆን ጊዜውን ይጠይቃል።

በቡድኖቻችን ዕቅድ ውስጥ ለልምምድ፣ ለልብስ ስፌት፣ ለቅስቀሳ ሳይቀር ቀን ይመደባል። ለመድረቂያ የተመደበ ቀን ግን አይቼ አላውቅም። የእኛም አስተባባሪ «ሕዝብ ተጠርቷል» ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። እኔ ከአናጢው ጎን ቆምሁ፤ ካስፈለገ ያለ ማጉያ መጫወት የሁለት ዓመት መዋጮን ከማበላሸት ይሻላልና።

ሣጥኖቹ አፋቸውን እንደ ከፈቱ በመስኮቱ አጠገብ አራት ቀን ቆዩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አናጢው አሽትተው ጥቂት ዝም አሉና መፍቻ ጠየቁ። ማጉያው ከተገጠመ በኋላ ወረቀቱን በጣቶቻቸው በቀስታ ገፍተው ለቀቁት። የተመለሰው ዘግየት ብሎ ነበር፤ አየር አልሾለከም ማለት ነው። ወጣቱም በገናውን ሊቃኝ ተቀመጠ።