የዘገየው እጅ አይደለም

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለቴሌቪዥን አልተተረተም፤ ይሁንና አሮጌ የጨዋታ መሣሪያን ከዘመናዊ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ ሰው ትርጉሙን በጣቱ ጫፍ ይረዳዋል። አዝራሩ ይጫናል፤ ጠላት ያልፋል፤ ጀግናው የሚዘልለው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ለገበያ የበቃውን ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ከሳሎናችን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር በቢጫው ገመድ ባገናኘሁ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጥቂት ተመልክታ «አባዬ፣ እጅህ አርጅቷል» ስትል ፈረደችብኝ። ፍርዱ ከባድ ነበር፤ ማስረጃው ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ለመሆኑ መዘግየቱ ከየት ይመጣል? የጥንቱ ባለ ካቶድ ቴሌቪዥን ምስል አያከማችም ነበር፤ እያንዳንዱን መስመር እንደ ደረሰው ወዲያውኑ በመስታወቱ ላይ ይስለዋል። ለፓል ሥርዓት የተሠራው የእኔ መሣሪያ በሴኮንድ 50 ያህል ምስሎችን ይልካል፤ እያንዳንዱም በራሱ ሙሉ ነው። ዘመናዊው ቴሌቪዥን ግን ብዙውን ጊዜ ይህንኑ እንደ ድሮው ሥርጭት በግማሽ በግማሽ የሚመጣ ምስል አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቀሪውን ግማሽ ይጠብቃል፤ ያጣምራል፤ ያጎላል፤ ያስውባል። አንድ ምስል ይዞ መቆየት 20 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ሦስት ከያዘ 60 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ሶኒክ ለሚጫወት ሰው ይህ በመዝለልና በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የጨዋታ ምርጫ ማብራት ነው፤ ማስዋቡን ይቀንሳል፤ ማጣመሩን ግን ሁልጊዜ አያስቀርም። ሁለተኛው ቢጫውን ገመድ ትቶ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማትን ለየብቻ በሚያመጣው የስካርት ገመድ መሣሪያውን ኦ.ኤስ.ኤስ.ሲ. ከሚባለው ቀያሪ ጋር ማገናኘት ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነው ይህ ሣጥን ሙሉ ምስል አያግትም፤ መስመሩን ተቀብሎ፣ አባዝቶ፣ በኤችዲኤምአይ ያሳልፈዋል። የአንድ መስመር ዕድሜ ደግሞ 64 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ የቴሌቪዥኑ የራሱ መዘግየት ይቀራል፤ የሣጥኑን ምልክት የማይቀበሉ ቴሌቪዥኖችም አሉ። በእኛ ቤት ግን ሠርቷል፤ ልጄም ይግባኜን ተቀብላለች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ለማለት ነው? በላኪና በተቀባይ መካከል የቆመ አካል «ላሳምረው» ብሎ ጉዳዩን በያዘ ቁጥር፣ ጥፋቱ የሚጻፈው በላኪው ስም ነው። አቤቱታውን በቀኑ አስገብቶ፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከርሞ፣ በመጨረሻ «ዘግይተሃል» የተባለ ባለጉዳይ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ጣቱ ግን በሰዓቱ ተጭኖ ነበር። ከአስተላላፊ አስቀድሞ የሚጠበቀው የተሰጠውን ሳያግት ማድረስ ነው፤ ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት።