የመጨረሻዋ ቀን በባሕር ዳር

ዘመድ ልንጠይቅ ባሕር ዳር ሄደን ስድስት ቀን ሰነበትን። እኛ እኅትና ወንድም ነን። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ለመመለሻችን የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥን።

ሰባተኛዋ ቀን የመሄጃችን ቀን ነበረች። ቲኬቱ ላይ «11:20» ተብሎ ተጽፏል። «እንግዲህ አመሻሽ ላይ ነው፤ ቀኑ ሙሉ የእኛ ነው» አልን። አራት ቤት ልንሰናበት አሰብን። መጀመሪያ አጎታችንን፣ ቀጥሎ ሁለቱን የአጎታችንን ልጆች፣ በመጨረሻ አክስታችንን። አክስታችንን ለምን መጨረሻ አደረግናቸው? ቤታቸው ከዓባይ ማዶ ስለሆነ ሩቅ መሰለን። «እሳቸው ይታገሡናል» አልን። ከመጣን ወዲህ ያየናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በምሽት፣ በሰው መካከል ነበር።

በማለዳ ተነሥተን በጣና ዳር በእግራችን ሄድን። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለት ሰዎች በታንኳ እየቀዘፉ ወደ ዳር መጡ። ታንኳዋ የተሠራችው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ተጠፍሮ ታንኳ ይሆናል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ አያገለግልም። ያን ጊዜ ሌላ ይሠራል።

ከዚያ አጎታችን ቤት ገባን። መሶቡ ቀርቦ ነበር። «ብሉ እንጂ! መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይወጣም» አሉን። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዳቦ ቆሎው በየከረጢቱ ታስሯል። ሻንጣችን አልዘጋ ብሎ ስንታገል የአጎታችን ሚስት መጡ። እሳቸው ማንበብ የተማሩት በቅርቡ ነው።

«እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ፤ እኔም እንግዲህ አንባቢ ነኝ» አሉ።

በጣታቸው እየተከተሉ በቀስታ አነበቡ። «ዐሥራ አንድ... ከሃያ። ግን ይኼ የማን ሰዓት ነው? የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?»

ዝም አልን። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናነብ ሰዎች ነን። ይህን ግን አልጠየቅንም። ወዲያው ስልክ ደወልን። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ20 ነው ተባልን። 4 ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው መድረስ አለብን። ሰዓታችንን ብናይ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ሦስት ቤት ቀርቶናል። ጊዜው ለአንድ ብቻ ይበቃል። ወደ ማን እንሂድ? አጎታችን መለሱልን። «ለወጣት ስልክ ይበቃዋል። ሽማግሌ ግን የሚፈልገው ፊት ነው። ወደ እኅቴ ሂዱ።»

ሻንጣችንን ይዘን በባጃጅ ወጣን። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገርን። ይህ ድልድይ የተመረቀው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ አጠገብ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በጢስ ዓባይ ገደል ይወረወራል። ከዚያ ዞሮ ዞሮ ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል። ቆመን ልናየው አሰኘን። ግን ጊዜ የለንም፤ አልቆምንም።

አክስታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለት እርምጃ ያህል እስክንቀርባቸው ድረስ «ማነው?» ይላሉ። ስማችንን ነገርናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፊታችንን ዳሰሱት። በቀን ብርሃን ስናያቸው የዓይናቸው ብሌን ነጭ ጉም ለብሷል።

«እማማ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልን።

«ካምና ጀምሮ ነው። ጤና ጣቢያ ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ብለውኛል። ዓይኔን በስለት መነካቱን ፈራሁ። እናንተንም እንዳላስጨንቅ ብዬ ዝም አልኩ።»

የምናውቀውን ነገርናቸው። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥሩ መስተዋት የመሰለ ነገር አለ። እሱ ሲደፈርስ ሞራ ይባላል። በጠብታ መድኃኒት አይጠፋም። ሐኪም ዓይኑን በማደንዘዣ አደንዝዞ የደፈረሰውን ያወጣል፤ በምትኩም ሰው ሠራሽ ያስገባል። ሥራው ረጅም ሰዓት አይፈጅም። ብዙ ሰዎች በዚህ ዓይናቸው በርቶላቸዋል።

አክስታችን አሰብ አድርገው፣ «ዋናው የፈራሁት ብቻዬን መሄዱን ነው» አሉ።

ለአጎታችን ደወልን። «ሰኞ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ» አሉ። የመሳፈሪያና የሕክምና ብር ለአክስታችን ትተን ተነሣን። ቡናው አቦሉና ቶናው ተጠጥቷል። በረካው ገና ነው። ያለ በረካ መሄድ ነውር መሆኑን እናውቃለን። እሳቸው ግን መርቀውን እንዲህ አሉ፦

«በረካው ይቆያችሁ። ስትመለሱ ፊታችሁን እያየሁ አጠጣችኋለሁ።»

4 ሰዓት ላይ ደረስን። ለሁለቱ የአጎታችን ልጆች በስልክ ይቅርታ ጠየቅን። አንደኛው ተቀየመን። እውነቱን ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ በመስኮት ወደ ታች አየን። ጣና ሰፊ ነው፤ ዓባይ እንደ ክር ቀጥኗል። የአክስታችንን ቤት ፈለግነው፤ አላገኘነውም።

አንባቢዎቻችን፣ ከዚህች ቀን ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው የሰዓት ነገር ነው። በቲኬት ላይ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ የሚነሣው በቀን ከሆነ ከቲኬቱ ሰዓት ላይ 6 ይቀነሳል። 11:20 የእኛ 5:20 ነው። 15:00 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ሁለተኛው የዘመድ ነገር ነው። ይታገሠናል የምንለውን ሰው መጨረሻ አናድርገው። ቲኬቱን እንደ መሰለን ይዘን ብንቀር ኖሮ አውሮፕላኑም ያመልጠን ነበር፤ አክስታችንንም የምናገኛቸው በድንግዝግዝ ነበር። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ማን ያይ ነበር?

ሰኞ ጠዋት አጎታችን ደወሉ። «መንገድ ላይ ነን» አሉ። ከአጠገባቸው የአክስታችን ድምፅ ይሰማል። «ቡናውን ቆልቼ ነው የወጣሁት በላቸው» ይላሉ።