ሽኝቱማ ነበረን

ለልጄ፣

ባቱ ላይ ከወጣቶች ጋር ስለ ጦርነት ጠባሳ የማኅበረሰብ ቴአትር ልትሠሪ ከሆነ፣ የአገራችን መድረክ ምን እንደለመደ አስቀድመሽ እወቂ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው ሕዝቡን ለመጪው የጣሊያን ወረራ መቀስቀስ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅም የቀበሌ ኪነቱ ከበሮውን ይዞ ወጣ። ሚሊሻው በዘፈን ተሸኘ፣ በስንቅ ተሸኘ።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ግን ማን ዘፈነለት? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር «የቀድሞ ሠራዊት» ተብሎ ወደየቀዬው ገባ፤ ክራንቹን ተደግፎ መናኸሪያ በር ላይ እጁን የዘረጋም አልታጣ። በሽኝት ያልታከተው መድረክ ለአቀባበሉ ድምፁ ጠፋ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከብሬሽት ወስዶ ወደ አማርኛ ያመጣው «እናት ዓለም ጠኑ» ለየት ይላል። ጀርመናዊው ብሬሽት ዋናውን ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1939 ሲጽፍ መሐል ያቆመው ጄኔራል አይደለም፤ ሠራዊት እየተከተለች በጋሪ የምትነግድ እናት ናት። ጦርነቱ ሦስቱንም ልጆቿን ይወስድባታል። እሷ ግን ጋሪዋን አትተውም፣ እንጀራዋ እዚያው ነዋ! ተመልካች ያዝንላትና መልሶ ይናደድባታል።

ከሞጆ ታጥፈሽ ወደ ባቱ ስትወርጂ ቆቃን ታልፊያለሽ። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ለከተማውና ለፋብሪካው መብራት መጣ፤ የአዋሽ ዳር ግጦሽና እርሻ ግን ውሃ ዋጠው፣ ባለመሬቱም ተነሣ። ይህ የሆነው ጠላት ከወጣ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ጥይት ሳትተኮስ ጦርነት ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ ለሚጽፍ፣ ታሪኩ እዚያው መንገድ ዳር አለ።

አቀራረቡን በተመለከተ ደግሞ፣ አሜሪካዊው ብራያን ዶሪስ የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን «አጃክስ» በተዋናዮች እያስነበበ ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ያቀርባል። ከንባቡ በኋላ ቀድመው የሚናገሩት ምሁራን ሳይሆኑ ጦርነቱን የቀመሱት ናቸው። ሶፎክለስ ራሱም የአቴና ጦር አዛዥ የነበረ ሰው ነው።

ከተመልካችሽ መሐል የዘመተም፣ ልጁን የቀበረም፣ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው አዳማ እንደሰፈሩት ያለም ሊኖር ይችላል። የጥይት ድምፅ ካለ በር ላይ ተናገሪ፤ መውጣት የፈለገ ሳይሳቀቅ እንዲወጣ የበሩ መብራት አይጥፋ። ማንንም «ታሪክህን ንገረን» ብለሽ ማይክ አታስጨብጪ፤ መዝጋቢ ሁሉ ሲጠይቀው ከርሟል። ኦሮምኛውና አማርኛው መድረኩ ላይ ገበያ ውስጥ እንደሚሰማው ይቀላቀል። ትርኢቱ እንዳለቀ ወንበር ለመሰብሰብ አትቸኩሉ፣ ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ ዝም ያለ ሰው በረካው ላይ ሊናገር ይችላል። የቡናውንም ወጪ ከአዳራሹ ኪራይ ጋር አብረሽ በጀቱ ላይ ጻፊው፣ አለዚያ ከኪስሽ ነው የሚወጣው።

አባትሽ፣ ከአዳማ