መኪና የሌለው ጋራዥ

መኪና የለኝም፤ ጋራዥ ግን አለኝ። ሶዶ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ ያለች፣ ቆርቆሮዋ የዛገ አሮጌ ማድቤት ናት። ጥላሸቱን ኖራ ቀባሁት፤ ጠረጴዛውን ከፈረሰ ቤት በወጣ የባሕር ዛፍ ምሰሶና በአንድ የዋንዛ ሳንቃ ሠራሁ። ገንዘቤን ያፈሰስኩት ያገለገለ ሞርሳ ላይ ብቻ ነው። ሞርሳው አጥብቆ ካልያዘ ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳ ቀስ ብለው ይመጣሉ። (ጣልያን አገሩ ቢገባም የመሣሪያዎቹ ስም እዚሁ ቀርቷል!)

በጀት ያልያዝኩለት የእናቴን ፊት ነበር። በወላይታ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር የማይጋባበት፣ አንድ ማዕድ የማይቆርስበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ እናቴ ጓዳ አልደረሰም።

«የተማርከው ለዚህ ነው እንዴ ልጄ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ፣ የመዶሻውን ድምፅ የሰማች ዕለት። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ በኩል አላለፈችም። ቡና ስታፈላ እንኳ ለጋራዡ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ ዞራ ነበር የምትቀመጠው።

ባለፈው ቅዳሜ እጀታው የላላ ዶማዋ በሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። አልጠራችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሽብልቅ ቀርጬ አጠበቅሁትና መልሼ እዚያው አስደገፍኩት። ማታ ስወጣ ዶማው አልነበረም።