የወንጂ ውሃና የማስተርስ ኮርሴ

ሰሞኑን ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። አዎ፣ ኮሙኒኬሽን ማስተርስ ልጀምር ነው። አዎ፣ ከአዳማ እየተመላለስኩ፣ በዊኬንድ ፕሮግራም። እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ የእኛን ዘርፍ የሚፈልግ ሰው ወይ ወደ አዲስ አበባ ወይ ወደ ሀዋሳ ያያል። እኔ አዲስ አበባን መርጫለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ይመስገን።

ዋናው ጥያቄያችሁ ግን "ምን ምን ትወስጃለሽ?" ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ (ሁላችንም ሕዝብ ግንኙነት ነን) "ፒአር ላይ አተኩሪ፣ እድገት የሚያመጣው እሱ ነው" ይሉኛል። ስለ እድገቱ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ኮርሶቹን ያቀድኩት ከቴሲሱ ተነስቼ ወደ ኋላ ነው። ርዕሴ ደግሞ ውሃ ነው።

ወንጂ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እናቴ ያደገችው እዚያው ሸንኮራ አገዳው መሃል ነው፤ እስከ ዛሬ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ነው። ጥርሷ የበለዘው ባለመፋቋ አይደለም፤ በልጅነቷ የጠጣችው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለበዛበት ነው። በስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በእጥፍ የሚያልፍ ውሃ አለን። ችግሩ አጥንትንም እንደሚጎዳ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አጥንተው ጽፈዋል። ሳይንሱ አልጠፋም ማለት ነው።

ያስቸገረው መልእክቱ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ "ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ" ሲባል ሰምተናል። ለተቅማጥ ትክክል ነው። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይወጣም፤ ጭራሽ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እሱ ይበረታል። ልጇን ልትጠብቅ ብላ አፍልታ አፍልታ የምታጠጣ እናት አስቡ። ሁለት እውነተኛ ምክሮች ተጋጭተው መሃል ላይ የቆመችው እሷ ናት! ደግሞ ጥርስ የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ መስማት ያለባት የሕፃን እናት ናት፤ ጥርሱ ቀድሞ የበለዘውን ጎረምሳ ብንመክረው ምን ይጠቅመዋል?

እና እቅዴ ይኸው። መጀመሪያ የጥናት ዘዴ፣ በተለይ ቃለ መጠይቁ። አፉን በእጁ እየሸፈነ የሚያወራን ሰው በመጠይቅ ወረቀት አታገኙትም፤ ያውም ግማሹ በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹ በአማርኛ የሚመልስ። (ስታትስቲክሱን ከአሁኑ እየፈራሁት ነው፤ እሱም ግዴታ ነው።) ቲዎሪ ላይ ካትዝና ላዛርስፌልድ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጡትን በደንብ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ወሬ ከሚዲያ በቀጥታ ሳይሆን ሰው በሚያምነው ሰው በኩል ይደርሳል ይላሉ። በእኛ ሰፈር ይህ ሰው ማነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት ወይስ ቡና የምታፈላው ጎረቤት? ለዚህ ነው ምርጫ ኮርስ ሲሰጠኝ ዲጂታል ማርኬቲንግን ትቼ ጤና ኮሙኒኬሽንን የምወስደው። እድገቱ ከዘገየም ይዘግይ።

እናቴ "ለመጠይቁ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ" ብላኛለች፤ ፎቶ አይነሳም በሚል ስምምነት።

መቂ፣ ባቱ ወይም ሞጆ በጤና ኤክስቴንሽን የምትሠሩ እህቶች ካላችሁ፣ እናቶች ስለ ውሃው ምን ብለው እንደሚጠይቋችሁ ጻፉልኝ። በአፋን ኦሮሞም ይሁን።